የወርክሾፕ አዘዋዋሪ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ

የወርክሾፕ አዘዋዋሪ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በምድር ባቡር ጥገና ግቢ ውስጥ የተበላሹ ሎኮሞቲቮችን፣ ፉርጎዎችንና ከባድ ዕቃዎችን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። ተሳፋሪ አይጭንም፤ ከግቢው አጥር እምብዛም አይወጣም፤ ፍጥነቱም ከሰው እርምጃ ብዙ አይበልጥም። ሆኖም በእንፋሎት ዘመን አንድ ትልቅ የባቡር ወርክሾፕ ያለ እንዲህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ መሥራት ይቸግረው ነበር። ለጥገና የሚገባ ሎኮሞቲቭ እሳቱ ጠፍቶ፣ ውሃው ተደፍቶ ስለሆነ በራሱ ኃይል አንድ ሜትር እንኳ መሄድ አይችልም። በቆሙ ማሽኖች በተሞላ ግቢ ውስጥ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ማሽን ያስፈልጋል።

«ሎኮሞቲቭ» ባቡሩን የሚጎትተው የሞተር ክፍል ብቻ ሲሆን በተለምዶ «የባቡር ራስ» ይባላል። ከኋላው የሚቀጠሉት ፉርጎዎች ናቸው። ፉርጎዎችን የመለየት፣ የመደርደርና ከሐዲድ ሐዲድ የማዛወር ሥራ በፈረንሳይኛ «ማኔቭር»፣ በጣልያንኛ «ማኖቭራ» ይባላል። በዚህ መጣጥፍ «ማዘዋወር» ተብሏል።

የሥራው ዓይነት

የአዘዋዋሪው ሥራ ከጣቢያ ይጀምራል። የተበላሸ ሎኮሞቲቭ በሌላ ባቡር ተጎትቶ እስከ ግቢው በር ይደርስና እዚያ ይለቀቃል። አዘዋዋሪው ይረከበውና መጀመሪያ አመድ ወደሚጠረግበትና ቦይለሩ ወደሚታጠብበት ሐዲድ፣ ቀጥሎም ወደ ዋናው የጥገና አዳራሽ ይወስደዋል። አዳራሹ ውስጥ ሎኮሞቲቩ በክሬን ተነሥቶ ጎማዎቹ ከሥሩ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ማሽን በርካታ ቁርጥራጭ ይሆናል። ጎማዎቹ ወደ ቶርኖ ክፍል፣ ቦይለሩ ወደ ቦይለር ክፍል፣ የናስና የነሐስ ክፍሎቹ ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። ክፍሎቹ የተለያዩ ሕንፃዎች ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ምልልስ በሐዲድ ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ አለ። ለምድጃዎቹ የድንጋይ ከሰል፣ ለማቅለጫው የመቅረጫ አሸዋ፣ ለፉርጎ ጥገና ጣውላ ይገባል፤ አመድና ቁርጥራጭ ብረት ይወጣል። የተጠገነው ሎኮሞቲቭ በተራው ለሙከራ ወደ ውጭ ይሳባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ይቆማል። ለምሳሌ ነገ መውጣት ያለበት ሎኮሞቲቭ በስተውስጥ፣ ገና ሁለት ወር የሚቆየው ደግሞ በበሩ በኩል ከቆመ፣ አንዱን ለማውጣት ሁሉንም ማውጣት ግድ ይላል። ስለዚህ የግቢው አለቃ ከማለዳው የሚያስበው የትኛው ማሽን በየትኛው ሐዲድ ላይ፣ በስንተኛ ተራ እንደሚቆም ነው።

አንዳንድ አዳራሾች ጣሪያቸው እንጨት ስለነበረ፣ ጭሱም ሠራተኛውን ስለሚያፍን፣ እሳት ያለው ሎኮሞቲቭ እስከ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድም ነበር። መፍትሔው በአዘዋዋሪውና በሚገፋው ማሽን መካከል አንድ ወይም ሁለት ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ ማስገባት ነው። አዘዋዋሪው ውጭ እንደቆመ ፉርጎዎቹ እንደ ረጅም ክንድ ሆነው ሕመምተኛውን ሎኮሞቲቭ እስከ ቦታው ያደርሱታል። ይኸው ዘዴ ሁለት ከባድ ሎኮሞቲቮች አንድ ላይ ሊቆሙበት በማይችሉ ደካማ ሐዲዶችና የማዞሪያ ድልድዮች ላይም ያገለግላል።

እሳት ጨርሶ በማይፈቀድበት ቦታ ደግሞ ምድጃ የሌለው ሎኮሞቲቭ ይሠራ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቦይለር ሳይሆን ወፍራም የተሸፈነ ጋን አለው። ከፋብሪካው ቋሚ ቦይለር ትኩስ ውሃና እንፋሎት ይሞላና ለጥቂት ሰዓት በዚያው ይሠራል። ግፊቱ ሲቀንስ በጋኑ ውስጥ ያለው ትኩስ ውሃ እየፈላ አዲስ እንፋሎት ይሰጣል። ሲደክም ተመልሶ ይሞላል፤ በዛሬ አነጋገር ቻርጅ ይደረጋል እንደ ማለት ነው።

አሠራር

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መሠረታዊ ሐሳብ ከቡና ጀበና ሩቅ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ይህ እንፋሎት በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ሲታመቅ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ በብረት ዘንግ አማካይነት ጎማውን ያዞራል። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች ከጎማው ጋር የሚገናኙት በ90 ዲግሪ ልዩነት ነው። አንዱ ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሶ መግፋት በማይችልበት ቅጽበት ሌላው መሐል ላይ ሆኖ ይገፋል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ የትም ቢቆም ከቆመበት መነሣት ይችላል። በቀን መቶ ጊዜ ቆሞ መቶ ጊዜ ለሚነሣ አዘዋዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእንፋሎት ሞተር ከፍተኛውን የመጎተት ጉልበት የሚሰጠውም ገና ሲነሣ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ሥራ ፈትቶም ቢሆን እየዞረ መቆየት አለበት፤ ጉልበቱንም ወደ ጎማ ለማድረስ ጊርቦክስ ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋል።

አዘዋዋሪው ከሩቅ ተጓዡ ሎኮሞቲቭ በቅርጹም ይለያል። የሩቅ ተጓዡ ፊት ለፊት ጎማውን በመጠምዘዣ ላይ የሚመሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ውሃውንና ከሰሉን የሚይዝ ተቀጥላ ፉርጎም ይከተለዋል። አዘዋዋሪው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሉትም። ጎማዎቹ ሁሉ የሚገፉ ናቸው፤ አጭር ስለሆነ በግቢው ጠባብ ኩርባዎች ይታጠፋል። ውሃው የሚቀመጠው በጎኑ በተገጠሙ ታንከሮች፣ በሥሩ፣ ወይም እንደ ኮርቻ በቦይለሩ ጀርባ ላይ በተጫነ ታንከር ውስጥ ነው። ሁሉም ክብደት በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጎማው በሐዲዱ ላይ በቀላሉ አይንሸራተትም። ተቀጥላ ፉርጎ ስለሌለው ነጂው ወደ ኋላም እንደ ፊቱ ያያል። ጎማዎቹ ትንንሽ መሆናቸው ደግሞ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን ይጨምራል፤ ብስክሌት ዳገት ላይ ቀላሉ ማርሽ ሲገባለት እንደሚሆነው ነው።

በቁጥር እንመልከተው። ክብደቱ 30 ቶን የሆነ፣ ክብደቱ በሙሉ በሚገፉ ጎማዎች ላይ ያረፈ አዘዋዋሪ እንውሰድ። ብረት በብረት ላይ ሲይዝ በደረቅ ሐዲድ የክብደቱን ሩብ ያህል መሳብ ይቻላል ብንል 7.5 ቶን፣ ማለትም 7,500 ኪሎ የመጎተት ኃይል እናገኛለን። በሜዳ ላይ የቆመን ፉርጎ ለማስነሣት ለእያንዳንዱ ቶን 10 ኪሎ ኃይል ያስፈልጋል ብንል፣ ይህ ትንሽ ማሽን 750 ቶን ያነሣል። መሬቱ በመቶ አንድ ብቻ ቢያዘነብል ለእያንዳንዱ ቶን ሌላ 10 ኪሎ ይጨመራል፤ ጭነቱ በግማሽ ወርዶ 375 ቶን ይሆናል። አሽከርካሪ ዓይኑን ሸፍኖ እንኳ የማይሰማው ዳገት የማሽኑን አቅም ግማሽ ይበላል። የባቡር ግቢዎች በተቻለ መጠን ሜዳ ላይ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

እሳት፣ ውሃና ሰው

የቀዘቀዘ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለሥራ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እሳቱ ባንዴ ቢቀጣጠል የቦይለሩ ብረት እኩል ሳይሞቅ ስለሚለጠጥ መገጣጠሚያዎቹ ይፈታሉ። ስለዚህ የግቢው አዘዋዋሪ ሌሊቱን እሳቱ ተዳፍኖ ያድራል። አንዳጁ ከሌላው ሠራተኛ ቀድሞ ማልዶ ይመጣና ፍሙን ገልጦ ከሰል ይጨምርበታል። በገጠር ቤት እሳት ዳፍኖ ማሳደርን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የቦይለር ትልቁ ጠላት ውሃው ራሱ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ በቦይለር ቱቦዎችም ላይ ይጋገራል፤ ሙቀትን ስለሚከለክል ከሰል ያስፈጃል፤ ብረቱንም ያቃጥላል። በበረሃማ አገር፣ ማዕድን በበዛበት ውሃ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ከዚህ የባሰው ውሃው ሲያንስ የሚመጣው ነው። የምድጃው ጣሪያ በውሃ ካልተሸፈነ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይቀደድና ቦይለሩ ይፈነዳል። ለዚህ መከላከያ በምድጃው ጣሪያ ላይ እርሳስ ያለበት ቡሽ ይገጠማል። ውሃው ከቡሹ በታች ሲወርድ እርሳሱ ይቀልጥና እንፋሎት ወደ እሳቱ ይለቀቃል፤ ነጂውንም ያስጠነቅቃል።

ሆኖም በማዘዋወር ሥራ ላይ ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው የቦይለር ፍንዳታ ሳይሆን የፉርጎ መቆላለፊያ ነው። በድሮው ዘዴ አንድ ሠራተኛ በሚቀራረቡ ሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ ሰንሰለቱን ወይም ማያያዣውን በእጁ ያገናኛል። ነጂው እሱን አያየውም። በመካከላቸው ያለው መግባቢያ የእጅ ምልክት፣ ባንዲራ፣ ሌሊት ፋኖስ፣ አለዚያም ፊሽካ ብቻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ጣት፣ እጅ ወይም ሕይወት ይጠፋል። በዩናይትድ ስቴትስ የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው የባቡር ደኅንነት ሕግ ሠራተኛው በፉርጎዎች መካከል መግባት ሳያስፈልገው የሚቆለፍ አውቶማቲክ መቆላለፊያ እንዲገጠም አስገደደ። በብዙ አገሮች ግን በእጅ ማያያዝ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል፤ በአውሮፓ እስከ ዛሬም አለ።

የድሬዳዋ ወርክሾፕ

በኢትዮጵያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጥገና ታሪክ ማዕከሉ ድሬዳዋ ነው። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ሥራውን ያዘ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። መጀመሪያ የታሰበው መስመሩ ሐረር እንዲደርስ ነው፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት እጅግ ውድ ስለሆነ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ በኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስም ጸና።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከስሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ እስኪተካውና ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። የመስመር መጨረሻ የሆነ ቦታ ደግሞ ሎኮሞቲቭ የሚያድርበት፣ የሚታጠብበትና የሚጠገንበት ቦታ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ዋናው ወርክሾፕ ከድሬዳዋ አልተነሣም። በአዲስ አበባ የተሠራው የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ (ስሙ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው) በ1922 ዓ.ም. ሲመረቅ የመስመሩ ፊት ሆነ፤ እጁ ግን ድሬዳዋ ቀረ።

የቦታው አቀማመጥም ለዚህ ተስማሚ ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሲሆን ድሬዳዋ ከወደቡ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል የሚነሣው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። በበረሃና በዳገት የደከመ ሎኮሞቲቭ መሐል ላይ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

ወርክሾፑ የሚገኘው ፈረንሳዮች በቀጥተኛ ጎዳናዎች በቀየሱት በከዚራ ሰፈር፣ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ቶርኖ፣ ብረት ማቅለጫ፣ የእንጨት ሥራና የፉርጎ ጥገና በአንድ ግቢ ተሰብስበዋል። መለዋወጫ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ ብዙ ክፍሎች እዚያው ይሠሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ግቢው ከጥገና ቦታነት አልፎ የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። የቶርኖ፣ የብየዳና የቦይለር ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ የሥራው ቋንቋም ፈረንሳይኛ ስለነበረ የመሣሪያዎቹ ስሞች ከነፈረንሳይኛቸው ወደ ከተማዋ አነጋገር ገቡ። የምድር ባቡር ሠራተኞች በኢትዮጵያ ቀድመው በማኅበር ከተደራጁ የፋብሪካ ሠራተኞች መካከል መሆናቸውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሎኮሞቲቭ መጠገን የሚችል ሰው በቀላሉ አይተካም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኩባንያው የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን እያስገባ የእንፋሎቶቹን አሰናበተ። ለዚህ መስመር ለውጡ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ቶሎ ትርፍ ነበረው፤ ውሃ በሌለበት በረሃ ውሃ የማይፈልግ ሞተር መጣ። የአዘዋዋሪነት ሥራም ወደ ናፍጣ ሞተሮች ተላለፈ። የወርክሾፑ ሕንፃዎችና ብዙ የቆዩ ማሽኖቹ ግን ከእንፋሎቱ ዘመን ተርፈዋል፤ የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ ክፍል ሥራ ካቆመ በኋላም ግቢው የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ ካሉት ጥቂት ሙሉ ምስክሮች አንዱ ሆኖ ይታያል።

አስመራና የ202 ተከታታይ

በአካባቢው በእንፋሎት የሚሠራ አዘዋዋሪ ሎኮሞቲቭ በስምና በቁጥር የሚታወቅበት ቦታ አስመራ ነው። ጣልያኖች ከምጽዋ የጀመሩት መስመር አስመራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጅቡቲው መስመር በ50 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ስለዚህ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ሁለቱ መስመሮችም በታሪካቸው ተገናኝተው አያውቁም።

ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መንገድ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለዚህ ዳገት ጣልያኖች የተጠቀሙት «ማሌ» በሚባለው ስልት የተሠሩ፣ በሁለት የጎማ ክፍሎች የሚሄዱ ሎኮሞቲቮችን ነው። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ፣ የ442 ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በጄኖቫው አንሳልዶ ተሠሩ። ከእነሱ ጎን ሚላኖ የሚገኘው ብሬዳ ፋብሪካ የሠራቸው የ202 ተከታታይ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ነበሩ። እነዚህ ሁለት አክስል ብቻ ያላቸው፣ ተቀጥላ ፉርጎ የሌላቸው፣ ከላይ የተገለጸውን የአዘዋዋሪ ቅርጽ በትክክል የያዙ ናቸው። ትላልቆቹ ተራራውን ሲወጡና ሲወርዱ 202ዎቹ በጣቢያና በወርክሾፕ ግቢ ውስጥ ፉርጎ ይደረድራሉ፤ የቀዘቀዙትን ሎኮሞቲቮች ያወጣሉ፣ ያስገባሉ።

መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጦርነቱ ምክንያት ሥራ አቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ሎኮሞቲቮቹ ግን ወርክሾፑ ግቢ ውስጥና በየቦታው ቆመው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የመልሶ ግንባታው ሥራ ሲጀመር ያስፈለገው ብረት ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። በጡረታ የተገለሉ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ወደ ሥራ ተጠሩ። ሐዲዱ ከምሽግ ተለቅሞ ተቃና፤ ከሎኮሞቲቮቹም የተወሰኑት እንደገና እሳት ተለኮሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩ ከምጽዋ እስከ አስመራ ተገናኘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሡት ተራራ የሚወጡት ማሌዎች ናቸው። ነገር ግን በወርክሾፕ ዓይን ሲታይ አንድ ትንሽ አዘዋዋሪ ማንቀሳቀስ መቻል የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ቦይለሩ ትንሽ፣ ክፍሎቹ ቀላል ስለሆኑ ለመጠገን ይቀላል፤ እሱ ከተነሣ ደግሞ ትላልቆቹን ከቆሙበት ሐዲድ ወደ ክሬኑ ሥር ማምጣት ይቻላል።

በወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜ ስለ ማራዘም

በብዙ አገሮች ዋናው መስመር ወደ ናፍጣ ከተሸጋገረ በኋላ የመጨረሻዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የተገኙት በወርክሾፕ ግቢ ውስጥ ነው። ይህ ድንገተኛ አይደለም። የግቢ ሥራ ቀርፋፋና አጭር ስለሆነ ያረጀ ማሽን ይበቃዋል፤ ውሃና ከሰል በአጠገቡ ነው፤ ሲበላሽም ጠጋኞቹ እዚያው ናቸው። ኩባንያው አዲስ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲገዛ መጀመሪያ የሚመድበው ገንዘብ ለሚያስገባው የረጅም መንገድ ሥራ ነው፤ ግቢው የመጨረሻው ተራ ይደርሰዋል።

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሬዲንግ ኩባንያ ቁጥር 1251 የታወቀ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በኩባንያው በራሱ ወርክሾፕ ከአንድ ትልቅ የጭነት ሎኮሞቲቭ ተቆርጦ እንደ አዲስ የተሠራ ሲሆን፣ ቀሪ ዕድሜውንም በዚያው ወርክሾፕ ሲያዘዋውር ኖረ። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ቆይቶ ዛሬ በስትራስበርግ ከተማ በፔንሲልቬንያ የባቡር ሙዚየም ይገኛል። በቨርጂኒያ የሚገኘው የሮአኖክ ወርክሾፕ ደግሞ ከሁሉም ግትር ነበር። ባለቤቱ የኖርፎክና ዌስተርን ኩባንያ ሌሎች ናፍጣ በሚገዙበት ጊዜ በገዛ ወርክሾፑ የእንፋሎት አዘዋዋሪ ይሠራ ነበር። የመጨረሻው፣ ቁጥር 244፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1953 ነው። ኩባንያው ግን እንፋሎትን እ.ኤ.አ. በ1960 ተወ፤ ቁጥር 244 ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከሥራ ውጭ ሆነ።

በእንግሊዝ የሆርዊች ወርክሾፕ ከዚህ ሁሉ የሚለይ ነው። በሕንፃዎቹ መካከል 457 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው የውስጥ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። በዚህ ላይ የሚሄዱት ሎኮሞቲቮች ቁመታቸው ከሰው ብዙም አይበልጥም፤ የሚጭኑትም የጥገና ዕቃ ነው። ከእነሱ አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የተሠራችው «ሬን» (የትንሽ ወፍ ስም ነው)፣ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ሠርታ አሁን በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ትታያለች።

ከሁሉም የዘገየችው ቻይና ናት። ለፋብሪካ፣ ለማዕድንና ለግቢ ሥራ የተነደፈው የ«ኤስ ዋይ» ዓይነት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በታንግሻን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ተመርቷል።

በዛሬው አዲስ አበባ

ከሰበታ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ባለው በለቡ ጣቢያ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉም ኤሌክትሪክ ነው። ሆኖም የአዘዋዋሪ አስፈላጊነት አልቀረም። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የሚሠራው ሽቦ ካለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ክሬን ከላይ በሚንቀሳቀስበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ ለማዘዋወሪያ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከኤሌክትሪኮቹ ጋር አብረው ተገዝተዋል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ በንፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል አልፎ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡርም በቃሊቲ የራሱ የጥገና ግቢ አለው። ኃይል ያጣ ባቡር እዚያም በሌላ ተሽከርካሪ መሳብ አለበት። ችግሩ በእንፋሎት ዘመን ከነበረው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎታቹ ነው።

በኮምፒውተር ሳይንስ

የባቡር ማዘዋወር ለኮምፒውተር ሳይንስ አንድ የታወቀ ስም አበድሯል። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1961 የሒሳብ አገላለጾችን ኮምፒውተር በቀላሉ ወደሚያሰላው ቅደም ተከተል የሚለውጥ ስልተ ቀመር አቀረበ፤ አሠራሩ የባቡር ግቢን ስለሚመስል «የማዘዋወሪያ ግቢ» ተባለ። ቁጥሮች እንደ ፉርጎ በቀጥታ ያልፋሉ፤ የሒሳብ ምልክቶች ግን ወደ ጎን ሐዲድ ይገባሉ። የጎን ሐዲዱ አንድ በር ብቻ ስላለው መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል።

ለምሳሌ 3 + 4 × 2 የሚለውን እንውሰድ። 3 ያልፋል፤ + ወደ ጎን ሐዲድ ይገባል፤ 4 ያልፋል፤ × ከ+ ቅድሚያ ስላለው ከእሱ በላይ ይቆማል፤ 2 ያልፋል። በመጨረሻ ከጎን ሐዲዱ መጀመሪያ ×፣ ቀጥሎ + ይወጣሉ፤ ውጤቱም 3 4 2 × + ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነብ መጀመሪያ 4ን በ2 አባዝቶ ከዚያ 3ን ይደምራል፤ 11 ያገኛል። በስተውስጥ የቆመውን ሎኮሞቲቭ ለማውጣት በበሩ በኩል ያለውን አስቀድሞ ማንሣት የነበረበት የወርክሾፕ አለቃ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነበር።